«ጨርሺው» ያልኳት ኪኒን

እህቴ የምትወድቀው ስትደነግጥ ነበር። ይህን በመንደራችን በቁሐር ሚካኤል የማያውቅ አልነበረም። ከኋላዋ ድንገት የጮኸ ሰው፣ ከእጅ አምልጦ የተሰበረ እንስራ፣ ከበረት አፈትልኮ የወጣ ወይፈን፤ ከእነዚህ አንዱ ይበቃታል። ዓይኗ ይገለበጣል፣ ከቆመችበት ትዘረራለች፣ እጅ እግሯ ይንቀጠቀጣል። ጥቂት ቆይታ ትነቃና ዙሪያዋን የቆመውን ሰው አይታ «ምን ሆናችሁ? ምን ትከቡኛላችሁ?» ትላለች። እኛ ስናለቅስ እሷ ትስቅብን ነበር።

ስትወድቅ መጀመሪያ ያየኋት ትምህርት ቤት ነው። እኔ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ፣ እሷ ሦስተኛ። የትምህርት ቤታችን ደወል ከዋርካው ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነበር። እሷ ከዋርካው ሥር ቁጭ ብላ ሳለ ዘበኛው ሳያያት ቸርኬውን በብረት መታው። ብድግ አለች፤ ሁለት እርምጃ ሳትራመድ በግንባሯ ተደፋች። በዚያው ዓመት ሁለት ጊዜ ደገማት። ርዕሰ መምህሩ እናታችንን አስጠርቶ፣ «እትዬ፣ ልጅዎ የሚጥል በሽታ አለባት። እዚህ ወድቃ አንድ ነገር ብትሆን እኔ ምን መልስ አለኝ?» አላት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የፈራ ሰው ነበር። እናቴ የልጇን ደብተር በነጠላዋ ጠቅልላ እጇን ይዛ ወጣች። የእህቴ ትምህርት በዚያ አበቃ።

አባታችን እኔ ገና ስድስት ዓመቴ ሳለ እያረሰ ወድቆ ነው የሞተው። ምች መታው ተባለ፤ ሌላ የጠየቀ የለም። ስለዚህ ቤቱ ውስጥ የቀረነው ሦስት ሴቶች ነበርን። ከልጆቹ አንዷ መማር ካለባት የማትወድቀዋ ትማር ተባለ። የማትወድቀዋ እኔ ነበርኩ።

እናቴ ያልሞከረችው አልነበረም። ጠበል አስጠመቀቻት። ሁለት ጊዜ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወስዳ ሰባት ሰባት ቀን አስነከረቻት። የሚጥል በሽታ ኪኒንም አሰጠቻት። ኪኒኑ ሩዝ ስታርም ጎንበስ እንዳለች እንቅልፍ ይጥላት ጀመር እንጂ መውደቁን አላስቀረላትም። በገዛ እጇ ተወችው።

እኔ ወረታ ቤት ተከራይቼ ሁለተኛ ደረጃ ስማር፣ በየቅዳሜው ከገበያተኛ ጋር ስንቄን ተሸክማ የምትመጣው እሷ ነበረች። ቅዳሜ ወረታ ደግሞ ሁሉ ነገር የሚጮህበት ቀን ነው፤ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ የሚገናኝበት ቦታ ላይ የጭነት መኪናው ጥሩምባውን ይነፋል፣ ባጃጁ ከሥር ይንጫጫል። እዚያ መሃል አንድም ቀን ወድቃ አታውቅም። እንዴት እንደሆነ ስጠይቃት ነጠላዋን ገልጣ ጆሮዋን አሳየችኝ። በጥጥ ደፍናዋለች።

«ስደፍነው አልወድቅም» አለችኝ። «ድምፁ ከሩቅ ከመጣ ልቤ ይዘጋጃል። ድንገት ሲሆን ነው የሚያቆመኝ።»

«የሚያቆምሽ ምንድን ነው?»

«ልቤ ነዋ። መጀመሪያ ልቤ ቀጥ ይላል፣ ከዚያ እወድቃለሁ።»

ሳቅሁባት። ትምህርት የጀመረ ሰው እንደሚስቀው ነው የሳቅሁባት። የሚጥል በሽታ የጭንቅላት በሽታ እንደሆነ በባዮሎጂ መጽሐፌ ላይ አንብቤ ነበርና፣ «ልብሽ አይደለም፣ ነርቭሽ ነው» ብዬ አስተማርኳት። ተናዳ ጥጡን መለሰችና የሽሮውን ከረጢት ወርውራልኝ ሄደች። እሷ ያን ጊዜ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ በኋላ እኔ ብዙ ዓመት ተምሬ የደረስኩበትን ያን ቀን ነግራኝ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ የመረጥኩት የትምህርት መስክ በእሷ ምክንያት ነው። ይህን ለሰው ስናገር ደስ ይለኝ ነበር። ለትምህርት ዕድል በጻፍኩት ማመልከቻ ላይ ሳይቀር አስገብቼዋለሁ፤ «ታናሽ እህቴ የሚጥል በሽታ አለባት» ብዬ። በዚያች ዓረፍተ ነገር ባሕር ማዶ ተሻገርኩ።

የተቀበለኝ ቤተ ሙከራ የሚያጠናው በሴል ሽፋን ላይ ያሉ ጥቃቅን በሮችን ነበር። ነርቭም ሆነ ልብ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው፤ ኤሌክትሪኩ የሚፈጠረው ደግሞ ሶዲየምና ፖታሲየም የተባሉ፣ ከምንበላው ጨውና አትክልት የምናገኛቸው ነገሮች የኤሌክትሪክ ሙል ይዘው በእነዚህ በሮች ሲገቡና ሲወጡ ነው። በሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል። አንዱ ሲዘገይ ነርቩ ይታወካል፣ ወይም ልቡ ምቱን ይስታል። ሥራችን አንዲት ሴል ላይ ከጸጉር የቀጠነ የመስታወት ጫፍ መለጠፍና በበሯ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ መለካት ነበር። መለጠፉ ትዕግሥት ይጠይቃል። ትንፋሽ ቢበዛ ይላቀቃል፣ የክፍሉ መዝጊያ ቢንገጫገጭ ይላቀቃል። አሥር ሞክሬ አንዷ ከያዘችልኝ ቀኑ የተባረከ ነው። ሩዝ በጣቴ ስተክል ያደግሁ ልጅ ነኝና እጄ አይንቀጠቀጥም ነበር፤ ባልደረቦቼ «አንቺ እጅ አለሽ» ይሉኝ ነበር።

የመጀመሪያውን ዓመት የሠራሁት በነርቭ በሮች ላይ ነው። በሁለተኛው ዓመት አማካሪዬ ቢሮው ጠርቶኝ ሌላ ቡድን እንደቀደመንና ወደ ልብ መዞር እንዳለብን ነገረኝ። መድኃኒቶች ሳይታወቅባቸው በልብ ላይ ያለውን አንዱን የፖታሲየም በር ይደፍናሉ፤ የትኞቹ እንደሚደፍኑ፣ ምን ያህል እንደሚደፍኑ እንለካለን አለኝ። አኮረፍኩ። ከእህቴ በሽታ የራቅሁ መሰለኝ። ለእሷ የመጣሁበትን ሥራ ጥዬ የሌላ ሰው ልብ ልለካ ነው ብዬ ክፍሌ ገብቼ አለቀስኩ። ወደ እሷ በሽታ እየሄድኩ እንደነበር አላወቅሁም።

መድኃኒቶቹን ሲያከፋፍለን፣ «አንቺ ከወባ አገር ነሽ» ብሎ የወባዎቹን ለእኔ ሰጠኝ። ከእነሱ አንዱ ክሎሮኪን ነው። አገራችን ውስጥ ያልዋጠው ሰው ይኖራል ብዬ አላስብም፤ እኔም ልጅ ሆኜ እየተነጫነጭሁ ውጬዋለሁ። ያን መራራ ኪኒን በውሃ በጥብጬ በሴሏ ላይ ሳንጠባጥበው፣ በኮምፒውተሩ ገጽ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ መስመር ቀስ እያለ ይወርዳል። በሩ እየተደፈነ ነው ማለት ነው። ይህ ጤነኛ ሰውን አይጎዳም፤ ልብ ሌሎች በሮች ስላሉት ይችለዋል። በሩ ከተፈጥሮው የጠበበ ሰው ግን አለ። የእነዚያን ሰዎች ታሪክ በብዙ ጽሑፍ አንብቤአለሁ። ሲደነግጡ እንደሚወድቁ፣ ልባቸው ለጥቂት ጊዜ ምቱን ስለሚስት ደም ወደ ጭንቅላታቸው እንደሚያጥር፣ እንደሚንቀጠቀጡ፣ በዚህም የሚጥል በሽታ ነው እየተባሉ ዓመታት እንደሚታከሙ። አንቀጹን በቢጫ ቀለም አስምሬበት ነበር። ወረቀቱ ዛሬም አለኝ።

ስለ እህቴ አላሰብኩም። እንዴት እንዳላሰብኩ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። በጽሑፎቹ ላይ ያሉት ሰዎች የሚደነግጡት በስልክ ጥሪ ነበር፣ በማንቂያ ደወል ነበር። እህቴን የሚያስደነግጣት ወይፈን ነው። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል እንደሚባለው፣ እሷ ለእኔ በጣም ቅርብ ነበረች።

በአራተኛው ዓመቴ፣ ክረምቱ አልፎ ውሃው ከሜዳው ሲሸሽ፣ አገራችን ፎገራን ወባ በሚይዝበት ወቅት፣ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ደወለችልኝ። ያን ጊዜ አግብታ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረቻት፤ ከእናታችን ጋር በአንድ ግቢ ነው የሚኖሩት።

«እታለም፣ ወባ ጣለኝ እኮ» አለችኝ። ድምፅዋ ደክሟል።

«ተመረመርሽ?»

«ደሜን አይተው ኪኒን ሰጡኝ። የሦስት ቀን ነው። ውይ ምሬቱ! የቀመስኩትን ሁሉ እያስመለሰኝ ነው። ከትናንት ጀምሮ አንድ ነገር ሆዴ ውስጥ አላደረም። ልተወው እንዴ?»

«እንዳትተይው! ካቋረጥሽው ያገረሽብሻል። ጨርሺው።»

«ልቤም ደስ አላለኝም። ይዘልብኛል።»

«ትኩሳቱ ነው። ውሃ ጠጪ።»

«እሺ፤ አንቺ ካልሽ» አለች።

የወባው ኪኒን የትኛው እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኋትም። አውቀዋለሁ እኮ። ስልኩን ዘግቼ ቤተ ሙከራ ገባሁ። ያን ቀን ምን እንደሠራሁ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ በራሴ እጅ ተጽፏል፤ ያንኑ መድኃኒት ስለካ ነው የዋልኩት።

በማግሥቱ ሞተች። እኔ የሰማሁት ከአምስት ቀን በኋላ ነው። በዚያ ሰሞን መንገዱ ተዘግቶ፣ ስልኩም ተቋርጦ ነበር፤ ባልዋ ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው እስኪያገኝ ድረስ እዚያ ያለ ዘመድ ሊደውልልኝ አልቻለም። እኔ እየደወልኩ ሳይነሳ ሲቀር ኔትወርክ ነው እያልኩ እተኛ ነበር። አገሬ ስደርስ ሁለት ሳምንት ሆኗት ነበር። የመቃብሯ አፈር ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

ልቅሶ ሊደርሱኝ የመጡ ሰዎች ግቢው ውስጥ በተነጠፈው ሰሌን ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ እናቴ ለእያንዳንዱ እንግዳ እንደምትነግረው ለእኔም እንደ አዲስ ነገረችኝ። «ኪኒኑን ሁለት ቀን ዋጠች፤ አስመለሳት። በሦስተኛው ቀን የመጨረሻውን ዋጠች። ደጃፍ ላይ ፀሐይ ልሙቅ ብላ ተቀመጠች። የጎረቤት ቆርቆሮ ከጣሪያ ላይ ወደቀ። ደነገጠች። ደንግጣ ቀረች።»

ኪኒን፣ ማስመለስ፣ ድንጋጤ። ማስመለሱ ፖታሲየሙን ጨርሶባታል፣ ኪኒኑ በሩን ደፍኖባታል፣ ቆርቆሮው ደግሞ የቀረውን አደረገ። ሦስቱ እናቴ አፍ ላይ ተሰልፈው ሲወጡ ሰማኋቸው። ከሰሌኑ ተነስቼ በረቱ ጥግ ሄጄ ቆምኩ። ሰዎቹ ሐዘን ነው ብለው ውሃ አመጡልኝ።

ስትወድቅ አጠገቧ የነበረችው ልጅዋ ናት። በኋላ ብቻችንን ስንሆን፣ «ለሰው አልነገርኩም ነበር» አለችኝ። «ሁልጊዜ ትነሳ ስለነበር አጠገቧ ቁጭ ብዬ ጠበቅኋት።»

ሳልዘገይ ወረታ ሄጄ ኪኒኑን የሰጣትን የጤና ባለሙያ አገኘሁት። ልጣላው ነበር የሄድኩት። ወጣት ነው፤ ስሟን ስነግረው መዝገቡን ፈልጎ አወጣና ጣቱን በመስመሩ ላይ እያስኬደ አሳየኝ። የወባው ዓይነት፣ ክብደቷ፣ የኪኒኑ መጠን። ሁሉም ልክ ነው።

«የመውደቅ በሽታ እንዳለባት ጠይቀሃት ነበር?»

«ሌላ ሕመም አለብሽ ወይ ብያታለሁ። የለብኝም አለችኝ።» ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺ ዶክተር ነሽ ይላሉ። እኔ ቦታ ብትሆኚ ምን ትሰጫት ነበር?»

«ይህንኑ።»

መዝገቡን አጠፈው። «የለብኝም» ማለቷ አልገረመኝም። የሚጥላት ልጅ እየተባለች አድጋ፣ በመከራ ባል ያገኘች ሴት ማንም ሲጠይቃት ሌላ አትልም።

ባሕር ዳር ሐኪም የሆነ የድሮ የክፍል ጓደኛ ነበረኝ፤ ከእሱ የልብን ኤሌክትሪክ በወረቀት ላይ የሚያወጣውን ትንሽዬ ኢሲጂ ተዋስኩ። የእህቴን ልጅ መደብ ላይ አስተኝቼ ሽቦዎቹን ደረቷ ላይ ለጠፍኩ። ወረቀቱ እየተሳበ ሲወጣ ማስመሪያ አላስፈለገኝም። ከምት በኋላ ልብ የሚያርፍባት ሞገድ ተጎትታ ረዝማለች። እናትዋ ያወረሰቻት እሱን ነው። ከዚያ ለራሴ ለጠፍኩ። የእኔ ልብ መጽሐፍ ላይ የተሳለ ይመስላል፤ እንከን የለውም። ወረቀቱን ጨምድጄ ኪሴ ከተትኩት። እንደዚያ ቀን ጤነኛ መሆን አስጠልቶኝ አያውቅም።

ለእናቴ እውነቱን ነገርኳት። ልነግራት ይገባኛል ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው ግማሹ ለእሷ አልነበረም፣ ራሴን ለማቅለል ነው። የሩዝ ማሳችንን እያሳየሁ፣ ውሃው የሚወጣበት ቀዳዳ ሲደፈን ማሳው በውሃ እንደሚሞላ፣ የልጅዋም ልብ እንደዚያ እንደነበር፣ የወባው ኪኒን ቀዳዳውን እንደደፈነው አስረዳኋት። እያዳመጠች አረም ትነቅል ነበር። ስጨርስ ቀና አለች።

«ይህን የምታውቂው ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«መድኃኒቱን… ከሁለት ዓመት ወዲህ።»

«ደውላልሽ ነበር አይደል? ልተወው ብላሽ ነበር።»

«አዎ።»

«ጨርሺው አልሻት።»

«አዎ፣ እማ።»

«እኔ እኮ ተይው ብያት ነበር» አለች። «ሆድሽ ካልተቀበለው ተይው፣ ጠበል ላምጣልሽ ብያት ነበር። ‹እታለም ጨርሺው ብላኛለች› አለችኝ። በእኔ ቃል ላይ የአንቺን ቃል አስቀመጠች።»

ከዚያ ወደ አረሟ ጎንበስ አለች። እስክሄድ ድረስ ምግቤን በሌላ ሰው እጅ ነበር የምትልክልኝ።

ለልጅቷ በየቀኑ የሚዋጥ መድኃኒት አስይዤ ነበር፤ ልቧን ከድንጋጤ የሚከላከል፣ ርካሽ፣ ድሮም የሚታወቅ ኪኒን። አባትዋ «እሺ» አለ። ልጅቷና አባትዋ ፈቅደውልኝም ደሟን ይዤ ተመለስኩ።

በደሟ ውስጥ የተገኘው ለውጥ እኔ ስለካው በኖርኩት በር ላይ ነበር። ሌላ ሺህ በር ሳለ። ያን የተለወጠ በር በሴሎች ላይ እንዲበቅል አድርጌ መስታወቱን ለጠፍኩ። ያለ መድኃኒት እንኳ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ከግማሽ አይበልጥም። ከዚያ ያንን በጥብጬ ያስቀመጥኩትን ኪኒን አንጠባጠብኩበት። መስመሩ ወርዶ ወርዶ ከታችኛው የዜሮ መስመር ጋር ተጋደመ። የእህቴን የመጨረሻ ቀን እንደዚያ አድርጌ አየሁት፣ ብርሃን ባለበት ክፍል፣ ቡና የያዙ ባልደረቦቼ በኋላዬ እያለፉ። አማካሪዬ መጥቶ ትከሻዬን እየነካ፣ «ይህን የመሰለ ንጹሕ ውጤት አይቼ አላውቅም» አለኝ።

ጽሑፉ ታተመ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የቤተሰባችን የዘር ሐረግ ተስሏል። ሴት ክብ ናት፣ ወንድ አራት ማዕዘን፤ የሞተ ሰው ላይ ሰያፍ መስመር ይሰመራል። እህቴ ጥቁር ክብ ሆና ሰያፍ ተሰምሮባታል። አባቴ ላይ የጥያቄ ምልክት አለ። እናቴ ላይም። በአንድ ስብሰባ ላይ ሥራውን ሳቀርብ ከታዳሚዎቹ አንዱ፣ ደግ ሽማግሌ ሰው፣ ወደ እኔ መጥቶ እጄን ጨበጠና፣ «ሰው ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ያለ ቤተሰብ ፈልጎ አያገኝም፤ አንቺ ግን ከእነሱ ተወለድሽ» አለኝ። ሊያሞግሰኝ ነው። አመሰገንኩት።

ትምህርቴን ጨርሼ ባሕር ዳር ማስተማር ጀመርኩ፤ ከወረታ ብዙ አይርቅም። መጀመሪያ ቁሐር በሄድኩ ቀን ልጅቷ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር፤ ግንባሯ ላይ አዲስ ጠባሳ አየሁ። አባትዋ ዓይኑን እየሰበረ ነገረኝ። የሩዝ መውቂያው ሞተር አጠገቧ ድንገት ሲነሳ ወድቃ ነው። መድኃኒቷስ? ሄዶ ከሳጥኑ ሥር አንድ ከረጢት አወጣ። የላክሁት ሁሉ አለ። አንድ ፍሬ አልጎደለም።

«እማማ ናቸው» አለኝ። «‹ኪኒን የሚባል ነገር ይህ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ይበቃዋል› አሉ። እኔም እውነቱን ልንገርዎ እትዬ፣ ለመስጠት እጄ አልታዘዘልኝም።»

ልቆጣ አልቻልኩም። ኪኒን እንዲፈሩ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። እውነቱን ነግሬያቸው ባልሄድ ኖሮ ያቺ ልጅ ሦስት ዓመት ሙሉ መድኃኒቷን ትወስድ ነበር።

ልጅቷን ጠርቼ ከፊቴ አስቀመጥኳት። ኪኒኑን መዳፌ ላይ አድርጌ አሳየኋት።

«እናቴን የገደላት ይሄ ነው?» አለችኝ።

«አይደለም። ያ ሌላ ነው። ይሄ ልብሽን የሚጠብቅ ነው።»

«በምን አውቃለሁ?»

እናትዋ አምናኝ የሆነችውን ያየች ልጅ ናት። ከኪኒኑ አንዱን አፌ ውስጥ ጣልሁና ያለ ውሃ ዋጥኩት። አፌን ከፍቼ አሳየኋት። እዚያው ፊት ለፊት ተቀምጠን ብዙ ቆየን። እናቴ ከደጃፉ ላይ ቆማ ታየን እንደነበር የገባኝ ጥላዋ ሲነቃነቅ ነው። አልገባችም፣ አልከለከለችም።

«ራሴን ችዬ ነው የምውጠው» አለች ልጅቷ በመጨረሻ። «ጨርሺ እንዳትዪኝ።»

«አልልሽም።»

አንስታ ዋጠችው።

ከዚያ ወዲህ አልወደቀችም። በየጠዋቱ ኪኒኑን ከሣጥን አውጥታ ከውሃ ጋር የምታቀርብላት አሁን እናቴ ናት። ይህን የሰማሁት ከልጅቷ ነው፤ እናቴን ሳመሰግናት፣ «ለልጄ ልጅ ብዬ ነው እንጂ ለአንቺ ብዬ አይደለም» አለችኝ። ወረታ ጤና ጣቢያ ያለው ያ ወጣት ደግሞ የወባ ኪኒን ከመስጠቱ በፊት «ደንግጠሽ ወድቀሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ ይጠይቃል። ብዙዎቹ በጥያቄው ይስቃሉ ብሎኛል። አንዳንዶቹ አይስቁም፤ እነሱን ወደ እኔ ይልክልኛል።

ያልተለካች እናቴ ብቻ ናት። ባለፈው ዓመት ኢሲጂውን ይዤ ሄድኩ። ላሟን አልባ መግባቷ ነበር፤ እጇን ታጥባ እስክትቀመጥ ጠበቅሁና ሽቦዎቹን አወጣሁ።

«እማ፣ ሁለት ደቂቃ ነው። አያምም። ከአንቺ ይሁን ከአባባ እንድናውቅ ነው።»

ሽቦዎቹን ለረጅም ጊዜ አየቻቸው።

«ከእኔ ቢሆን ምን አደርገዋለሁ?» አለች። «ልጄን ገና በማሕፀኔ ገደልኳት ብዬ ልኑር? ከአባትሽ ቢሆንስ? አፈሩን ቆፍሬ ልወቅሰው ነው?»

«ለአንቺም ጥንቃቄ…»

«ይሄን ሁሉ ዓመት ያልገደለኝ አሁን ምን ይቸኩላል።» ነጠላዋን ደረቷ ላይ አጣፋች። «ጥፋቱ የማን እንደሆነ ማወቅ የፈለግሽው አንቺ ነሽ። እኔ አልፈልግም። ወደ ከረጢትሽ መልሺው።»

መለስኩት። ሞቅ ያለ ወተት በጣሳ ሰጠችኝ፤ በራሷ እጅ ስትሰጠኝ ከልቅሶው ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። ጠጥቼ ስጨርስ ጣሳውን ተቀበለችኝና ወደ መንገዱ አየች።

«በይ ሂጂ» አለች። «ባጃጅ ሳይጠፋ።»